ከራሱ 512 ሜትር የራቀ ቤት

ጋሼ የስምሪት ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና ሁለት መስመሮችን በእርሳስ አከበቡ። «እነዚህ ሁለት ሰዎች ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የአንዱን ዕቃ ለአንድ ሞተረኛ፣ የሌላውን ለሌላ ሞተረኛ የሰጠው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የሰጠው እኛ የጻፍነው ፕሮግራም ነበር። «ልጄ፣ ይህ ሥራ በእጄ ሳለ ሁለት ሰው ለአንድ ግቢ አልክም ነበር» ብለው ወረቀቱን ትተውልኝ ሄዱ።

ጋሼ የምንላቸው ሰው በመሀል አዲስ አበባ ዕቃ ወደየቤቱ የሚያደርስ አንድ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ናቸው። ድርጅቱ ቢሮው ፒያሳ ነው፤ እኛ ደግሞ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን ፕሮግራም የምንጽፍለት ጥቂት ሰዎች ነን። ጉዳዩን የምጽፈው በእነርሱ ፈቃድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተማርነው ነገር በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር (ኮምፒውተር ባለ ነጥብ ቁጥሮችን በተወሰኑ አኃዞች አጠጋግቶ በሚይዝበት መንገድ) ርቀት የሚያሰላ ማንኛውም ሰው ሊደርስበት የሚችል ስለሆነ፣ ስሌቱን እስከ ሥሩ ድረስ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

ሥራው እንዲህ ነበር። በከተማችን ደንበኛ አድራሻውን ሲጠየቅ የቤት ቁጥር አይናገርም፤ «ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር» ይላል። ስለዚህ ድርጅቱ ሞተረኞቹ ዕቃ ባደረሱበት በር ላይ ቆመው የስልካቸውን የጂፒኤስ ነጥብ እንዲመዘግቡ አደረገ። በጊዜ ብዛት 12,000 ነጥቦች ተሰበሰቡ፤ ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ለገሀር፣ ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አራት ኪሎ። ከእኛ የተፈለገው ለእያንዳንዱ ደንበኛ የቅርቡን ስምንት ደንበኞች ማወቅ ነው። ጎረቤታሞች በአንድ ሞተረኛ ይዳረሳሉ፤ ነዳጅም ይቆጠባል፤ ሰውም አይደክምም።

የመጀመሪያው ፕሮግራም በፓይተን የተጻፈ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞር ሁለት ዙሮች ያሉት ቀላል ነገር ነበር። የሁለት ነጥቦችን ልዩነት ይወስዳል፣ ዳግም ርቢውን ይደምራል፣ ዳግም ዘሩን ያወጣል፣ በዝርዝር ውስጥ ያስቀምጣል። 12,000 ሲባዛ በ12,000 የሚሰጠው 144,000,000 ርቀት ነው። በፓይተን ዝርዝር ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ ቁጥር ራሱ 24 ባይት ይወስዳል፤ ወደ እርሱ የሚጠቁመው አድራሻ ደግሞ 8 ባይት ይጨምራል። ሲባዛ 4.6 ጊጋባይት ይሆናል። የእኛ ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ያለው ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከፍቶ ሳለ ስሌቱ ሲመጣበት ወደ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። ስሌቱ በተጀመረ ቁጥር ተነሥቶ፣ ፒያሳ ወጥቶ ማኪያቶ ጠጥቶ መመለስ ይቻል ነበር። ነገር ግን መልሱ ትክክል ነበር። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ።

ወደ ላይብረሪው የሄድንበት መንገድ

ፍጥነት ፈልገን ስሌቱን ወደ ሲ ቋንቋ አዛወርነው። የሥራ ባልደረባዬ የኢንቴልን የሒሳብ ላይብረሪ (የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ)፣ በተለምዶ ኤምኬኤል የሚባለውን፣ መረጠች። በዚህ ላይብረሪ ውስጥ ለቬክተር ሒሳብ የተለየ ክፍል አለ፤ አንድ ሙሉ ድርድር፣ ማለትም በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች፣ ትሰጡታላችሁ፣ የእያንዳንዱን አባል ዳግም ዘር አውጥቶ በሌላ ድርድር ወይም በዚያው በመጀመሪያው ላይ ይጽፍላችኋል። የፈንክሽኑ ስም በቪኤስ ሲጀምር ነጠላ ትክክለኛነት ያላቸውን ባለ 32 ቢት ቁጥሮች፣ በቪዲ ሲጀምር ድርብ ትክክለኛነት ያላቸውን ባለ 64 ቢት ቁጥሮች ይቀበላል።

ለምን የራሳችንን ዙር ጽፈን የሲ ኮድን ወደ ማሽን ትእዛዝ ለሚለውጠው አጠናቃሪ፣ ለጂሲሲ፣ አልተውነውም? ጂሲሲ የዳግም ዘር ዙርን በራሱ ወደ ቬክተር ትእዛዝ የማይለውጥበት አንድ ምክንያት አለ። በሲ ላይብረሪ ልማድ የዳግም ዘር ፈንክሽን አሉታዊ ቁጥር ሲሰጠው የስህተት ቁጥር መመዝገብ ይጠበቅበታል። አጠናቃሪው ያንን ግዴታ ለማክበር ሲል እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻ ይፈትሻል። የስህተት ቁጥሩ እንደማያስፈልግ በግልጽ ካልተነገረው ስምንት ቁጥሮችን በአንድ ላይ ወስዶ መሥራት አይችልም። ይህንን ኋላ ነው ያወቅነው፤ ብናውቀውም ግን ላይብረሪውን መምረጣችን አይቀርም ነበር፣ ምክንያቱም የማትሪክስ ማባዣውም በዚያው ውስጥ አለ።

ማትሪክስ ማባዛት ከርቀት ጋር ምን አገናኘው? በትምህርት ቤት እንደምናውቀው፣ የሀ እና የለ ልዩነት ዳግም ርቢ ማለት የሀ ዳግም ርቢ ሲደመር የለ ዳግም ርቢ፣ ከዚያ ላይ የሀ እና የለ ብዜት ሁለት እጥፍ ሲቀነስ ማለት ነው። የመጨረሻው ክፍል ለሁሉም ጥንዶች ሲወጣ አንድ የማትሪክስ ብዜት ይሆናል። የማትሪክስ ብዜት ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ላይብረሪዎች ውስጥ እጅግ ከተሠራባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ባለ 100 ወይም ባለ 500 ልኬት ነጥቦችን በሚያነጻጽሩ ሥራዎች ውስጥ ይህ ዘዴ በሰፊው ይሠራበታል። የእኛ ነጥቦች ግን ሁለት ልኬት ብቻ ነበሯቸው፦ ምሥራቅ እና ሰሜን። ለሁለት ልኬት በቀጥታ መቀነስ ሁለት መቀነስ፣ ሁለት ማባዛት፣ አንድ መደመር ነው፤ ዘዴው የሚያተርፍልን አንዳች ነገር አልነበረም። እኔ ይህን ኮድ አንብቤ አጽድቄአለሁ። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም።

ሦስተኛው ውሳኔ ነጠላ ትክክለኛነት መጠቀም ነበር። 144,000,000 ርቀት በባለ 32 ቢት 576 ሜጋባይት፣ በባለ 64 ቢት 1,152 ሜጋባይት ይወስዳል። ባለ 256 ቢት የሆነው የኤቪኤክስ (የፕሮሰሰሩ ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ትእዛዞች) ቬክተር ስምንት ነጠላ ወይም አራት ድርብ ቁጥሮችን ይይዛል። ስለዚህ ነጠላው በቦታም በፍጥነትም እጥፍ ይሻላል። ይህ ውሳኔ ኋላ ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳው ልክ እንዳልነበረ አሳያለሁ።

አዲሱ ፕሮግራም ዐይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ጨረሰ። ተደሰትን። የዚያኑ ቀን ማታ ለድርጅቱ ላክነው። በማግሥቱ ጋሼ ወረቀቱን ይዘው መጡ።

ፍለጋው

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ላይብረሪውን ነበር። የቬክተር ሒሳቡ ክፍል ሦስት የትክክለኛነት ደረጃዎች አሉት። ከፍተኛው ስህተቱ ከአንድ የመጨረሻ አኃዝ ክፍል፣ ማለትም በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ካለው እርምጃ፣ በታች ነው፤ ዝቅተኛው ከአራት በታች ነው፤ ሦስተኛው ለፍጥነት ብቻ የተሠራ ሲሆን ትክክል የሚሆኑት የቁጥሩ ቢቶች ግማሽ ያህል ብቻ ናቸው። ባልደረባዬ ሦስተኛውን መርጣ ነበር። ወዲያው ወደ ከፍተኛው መለስነው። አንድም ቁጥር በሚታይ መጠን አልተለወጠም።

ቆም ብለን ብናሰላ ኖሮ ይህን ሙከራ ማድረግ ባላስፈለገን። ባለ 32 ቢት ቁጥር 24 ቢት ትርጉም ያለው አኃዝ አለው፤ ግማሹ ትክክል ነው ማለት ስህተቱ ከ2,048 አንድ ገደማ ነው ማለት ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይሆናል። ግማሽ ሜትር ጎረቤታሞችን አይለያይም።

ከዚያ በኋላ የርቀቶቹን ሠንጠረዥ ከፍተን በዐይናችን ማንበብ ጀመርን። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብን። በአንድ ረድፍ ላይ 0፣ 512፣ 512፣ 724፣ 0፣ 887፣ 1,024፣ 512 የሚል ተጽፏል። በሌላው ረድፍም እነዚያው ቁጥሮች። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ተበትነው የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው በትክክል 512 ሜትር ሊራራቁ አይችሉም። በመካከል በመካከል ደግሞ ቁጥር ያልሆነ የሚል ምልክት ነበር፤ ኮምፒውተር የአሉታዊ ቁጥር ዳግም ዘር ሲጠየቅ የሚመልሰው ምልክት። ባልደረባዬ የሠንጠረዡን ሰያፍ መስመር፣ ማለትም የእያንዳንዱን ቤት ከራሱ ያለውን ርቀት፣ ለብቻው አውጥታ አተመችው። ሁሉም ዜሮ መሆን ነበረበት። ብዙዎቹ ዜሮ ነበሩ። አንዳንዶቹ ቁጥር ያልሆኑ ነበሩ። አንዳንዶቹ ቤቶች ደግሞ ከራሳቸው 512 ሜትር ይርቁ ነበር።

«512 የሁለት ዘጠነኛ ርቢ ነው» አለች ባልደረባዬ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ወንበራችንን ሳብን። 724 ደግሞ 512 በሁለት ዳግም ዘር ሲባዛ ነው፤ 887 በሦስት ዳግም ዘር፤ 1,024 በአራት ዳግም ዘር። ስለዚህ ከዳግም ዘሩ በፊት የነበሩት ቁጥሮች ሁሉ የ262,144 ብዜቶች ናቸው። 262,144 የሁለት 18ኛ ርቢ ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

መልሱ አዲስ አበባ በካርታ ላይ ያለችበት ቦታ ነው። የጂፒኤስ ነጥቦቹን ወደ ሜትር የቀየርነው ምድርን በዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት፣ በዩቲኤም፣ ዞን 37 ሰሜን ነው። በዚህ ሥርዓት የሰሜን ቁጥሩ ከምድር ወገብ የሚለካ ሜትር ነው፤ የምሥራቅ ቁጥሩ ደግሞ የዞኑን መሀል መስመር፣ 39 ዲግሪ ኬንትሮስን፣ 500,000 ብሎ ይጀምራል። መሀል አዲስ አበባ 38.75 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የምሥራቅ ቁጥሯ 472,500 አካባቢ ይሆናል፤ የሰሜን ቁጥሯ ደግሞ በምኒልክ አደባባይ 999,000 ገደማ ነው፣ ከሚሊዮን ጥቂት ይጎድለዋል። የሁለቱ ዳግም ርቢ ድምር 1.22 ትሪሊዮን ነው። የሁለት ቤቶች ሲደመር 2.44 ትሪሊዮን ይሆናል። ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር በዚህ መጠን ላይ ሲደርስ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች የሚራራቁት በትክክል በ262,144 ነው። በመካከላቸው ያለ ማንኛውም ቁጥር ወደ አንዱ ይጠጋጋል።

እንግዲህ ዘዴው ያደረገው ይህ ነው። 300 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቤቶች የርቀታቸው ዳግም ርቢ 90,000 ካሬ ሜትር ነው። ያንን 90,000 ለማግኘት ሁለት የትሪሊዮን ቁጥሮችን ወስደን አንዱን ከሌላው ቀነስን፤ እያንዳንዳቸው ግን በ262,144 እርምጃ ብቻ የሚራመዱ ናቸው። የሚፈለገው ነገር ከእርምጃው ያነሰ ስለሆነ ከመቀነሱ በፊት ጠፍቷል። የሚቀረው 0፣ ወይም 262,144፣ ወይም ከዜሮ በታች 262,144 ነው። የመጀመሪያው ዜሮ ሜትር፣ ሁለተኛው 512 ሜትር፣ ሦስተኛው ቁጥር ያልሆነ ሆነው ይወጣሉ። በመርካቶ ሚዛን ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ከነጆንያው፣ ከዚያም ያለ ጆንያው መዝኖ፣ የጆንያውን ክብደት በልዩነቱ እንደማወቅ ያለ ነው። ሚዛኑ ከኪሎ በታች የማያሳይ ከሆነ ጆንያው አንድ ጊዜ ምንም፣ አንድ ጊዜ አንድ ኪሎ ይሆናል።

ቤቱ ከራሱ መራቁስ? ይህ ለብቻው ይገርማል። የእያንዳንዱን ነጥብ ዳግም ርቢ ድምር ያወጣነው በራሳችን ቀላል ዙር ነው፦ አባዛ፣ አጠጋጋ፣ አባዛ፣ አጠጋጋ፣ ደምር፣ አጠጋጋ። የማትሪክስ ማባዣው ግን የዘመኑ ፕሮሰሰሮች ያላቸውን ማባዛትና መደመርን አንድ የሚያደርግ ትእዛዝ ይጠቀማል፤ እርሱ የሚያጠጋጋው በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድን ነጥብ ዳግም ርቢ ሁለቱ መንገዶች በአንድ እርምጃ ልዩነት ሊያወጡት ይችላሉ። ሁለቱም በራሳቸው ሕግ ትክክል ናቸው። ሲቀናነሱ ግን አንድ እርምጃ ይቀራል፤ አንድ እርምጃ ደግሞ 512 ሜትር ነው።

የጋሼ ጎረቤታሞችም ነገር ተፈታ። ቁጥር ያልሆነው ምልክት ከማንኛውም ቁጥር ያንሳል፣ ይበልጣል ወይም እኩል ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው። ፕሮግራማችን «ይህ ርቀት እስካሁን ካገኘሁት ያነሰ ነው ወይ?» እያለ ይሄዳል። ግድግዳ የሚጋሩት ሁለት ቤቶች ርቀታቸው ቁጥር ያልሆነ ሆኖ ስለወጣ፣ ለጥያቄው «አይደለም» እያለ እርስ በርሳቸው ጎረቤት የመሆን ዕድል ሳያገኙ ታለፉ። የስህተት መልእክት አልወጣም፤ ፕሮግራሙ አልቆመም። በጣም የሚቀራረቡት ቤቶች በጣም የተጋለጡት ሆኑ።

ላይብረሪው ግን ዝም አላለም ነበር። የቬክተር ሒሳቡ ክፍል በድርድሩ ውስጥ አሉታዊ ቁጥር ሲያጋጥመው ሥራውን ሳያቋርጥ ምልክቱን ያስቀምጥና፣ ከክልል ውጭ የሆነ ቁጥር እንደተሰጠው የሚገልጽ የስህተት ሁኔታ ይመዘግባል። ያንን ሁኔታ ማንበብ የአንድ መስመር ሥራ ነው። እኛ ለፍጥነት ብለን የስህተት አያያዙን ወደ «ችላ በል» አዙረነው ነበር። ሦስት ቀን የፈለግነው ነገር በመጀመሪያው ደቂቃ ሊነገረን ይችል ነበር።

ምን ማድረግ አልፈለግንም

በዚህ ቦታ ላይ በቢሯችን ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ሰው ከሚሄድባቸው መንገዶች ሦስቱ በእርሱ ውስጥ ስለነበሩ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከዳግም ዘሩ በፊት አሉታዊ ቁጥሮችን ሁሉ ወደ ዜሮ መለወጥ ነበር። ይህ ምልክቱን ያጠፋል። ጋሼ ያከበቧቸው ጎረቤታሞችም አንድ ላይ ይመጡ ነበር፣ ርቀታቸው ዜሮ ስለሚሆን። ነገር ግን 300 ሜትር ርቀው የሚኖሩትም፣ 200 ሜትር ርቀው የሚኖሩትም ከእነርሱ ጋር ዜሮ ይሆናሉ፤ 512ቱም በቦታው ይቀራል። እኔ በዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቃወምሁ። ያ ምልክት በስሌቱ ውስጥ እውነቱን የተናገረ ብቸኛው ነገር ነበር።

ሁለተኛው ሐሳብ ሁሉንም ወደ ድርብ ትክክለኛነት መቀየር ነበር። በባለ 64 ቢት በ2.44 ትሪሊዮን ላይ ያለው እርምጃ ከአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሺህ አርባ ስምንተኛ ነው፤ ዳግም ዘሩ 2.2 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዕቃ ማድረስ ከበቂ በላይ ነው። አሉታዊዎቹ ግን አይጠፉም፤ ከራሱ 2.2 ሳንቲ ሜትር የሚርቅ ቤትና ከራሱ ያለው ርቀት ቁጥር ያልሆነ ቤት ይኖራሉ። በሽታው ያው ሆኖ መጠኑ ይቀንሳል፤ ማህደረ ትውስታውም እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛው ሐሳብ የእኔ ነበር፤ የነጥቦቹን መነሻ ከምድር ወገብ ወደ ምኒልክ አደባባይ ማዛወር፣ ማለትም ከሁሉም ላይ የአደባባዩን ቁጥር መቀነስ። ያን ጊዜ ቁጥሮቹ ከ5,000 ሜትር አይበልጡም። ይህ በእርግጥ ብዙ ይረዳል። ሆኖም ከአደባባዩ በምሥራቅም በሰሜንም 5 ኪሎ ሜትር ርቀው ላሉ ሁለት ጎረቤታሞች የዳግም ርቢዎቹ ድምር መቶ ሚሊዮን ላይ ሊደርስ ይችላል፤ እዚያ ላይ የባለ 32 ቢት እርምጃ 8 ካሬ ሜትር ነው፣ ዳግም ዘሩ 2.8 ሜትር። ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች አሁንም ይምታታሉ። ሐሳቤን ራሴ ሠርዤ ጣልሁት።

መፍትሔው ፓይተን ላይ የነበረው የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነበር፦ አስቀድሞ መቀነስ፣ ከዚያ ዳግም ርቢ ማድረግ። ነጠላ ትክክለኛነትም ያለ ስሙ እንደተወቀሰ የታየው እዚህ ላይ ነው። 472,500 የሚያህል ቁጥር በባለ 32 ቢት ሲቀመጥ እርምጃው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 999,000 የሚያህል ደግሞ 6.25 ሳንቲ ሜትር። የስልክ ጂፒኤስ በሜትሮች የሚሳሳት መሣሪያ ነው፤ በፎቆች መካከል ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ባለ 32 ቢቱ ነጥቦቹን በሚገባ ይዟቸው ነበር። ሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ልዩነቱ ያለ አንዳች ማጠጋጋት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ማባዛትና መደመር በትንሽ ቁጥሮች ላይ ስለሚሠራ ከቁም ነገር የሚገባ ስህተት የለውም። አሉታዊ ቁጥር ደግሞ ሊፈጠር አይችልም፤ የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ከዜሮ በታች አይወርድም።

ዳግም ዘሩ ራሱ

ስሌቱ ከታረመ በኋላ ባልደረባዬ አንድ ጥያቄ አነሣች፤ ከጠቅላላው ሥራ ያስደሰተኝ እርሱ ነው። «ለመሆኑ ዳግም ዘሩ ስንት ጊዜ ይወስድብናል?»

ሒሳቡን በወረቀት ሠራነው። እንደ ስካይሌክ ባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ስምንት ነጠላ ቁጥሮችን የሚይዝ የዳግም ዘር ትእዛዝ በየ6 ዑደቱ አንድ ጊዜ ሊላክ ይችላል። በ3 ጊጋኸርዝ ይህ በሰከንድ 4 ቢሊዮን ዳግም ዘር ነው። ለእያንዳንዱ 4 ባይት ይነበባል፣ 4 ባይት ይጻፋል፤ በሰከንድ 32 ጊጋባይት ማለት ነው። የእኛ ላፕቶፕ ያለው አንድ ዲዲአር4 2400 ማህደረ ትውስታ ሲሆን፣ በአንድ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ስለዚህ ማስሊያው ቁጥር እስኪመጣለት ቆሞ ይጠብቃል። በትልቅ ድርድር ላይ የትክክለኛነት ደረጃውን ዝቅ ማድረጋችን ጊዜ አላተረፈልንም፤ አስቀድሞም ሊያተርፍልን አይችልም ነበር። ደግሞም ከሁሉም በላይ፣ 576 ሜጋባይት ማንበብና 576 ሜጋባይት መጻፍ በዚህ ፍጥነት ከሰከንድ መቶኛ ስድስት ያህል ብቻ ነው። ይህን ለማፋጠን ነበር ትክክለኛነቱን የቀነስነው፣ የስህተት ምልክቱን የዘጋነው።

ከዚያ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ ተከተለ። ጎረቤት ለመምረጥ ዳግም ዘር ያስፈልጋል ወይ? አያስፈልግም። የዳግም ርቢው ያነሰ ሁሉ ርቀቱም ያነሰ ነው። «ከ300 ሜትር በታች ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ከ90,000 በታች ነው ወይ?» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ርቀት በሜትር የሚያስፈልገው ጋሼ በሚያነቡት ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የሚወጡት ደግሞ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት ጎረቤቶች ናቸው። 12,000 በ8 ሲባዛ 96,000። ከ144,000,000 ዳግም ዘር ወደ 96,000 ወረድን፤ 1,500 ጊዜ ያነሰ።

አሁን ፕሮግራሙ ሙሉውን ሠንጠረዥ አይሠራም። አንድ ደንበኛ ይወስዳል፣ ከ12,000ዎቹ ጋር ያለውን የርቀት ዳግም ርቢ በ48,000 ባይት ድርድር ላይ ያወጣል፤ ይህ በፕሮሰሰሩ ሁለተኛ ደረጃ ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ትንሽና ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ውስጥ ስለሚገባ ወደ ዋናው ማህደረ ትውስታ መመላለስ አይኖርም። ስምንቱን ያነሱትን መርጦ ያስቀምጣል፣ ድርድሩንም ለቀጣዩ ደንበኛ መልሶ ይጠቀምበታል። ሁሉም ሲያልቅ የተሰበሰቡት 96,000 ቁጥሮች በአንድ ተርታ ይቆማሉ፤ ላይብረሪው የሚጠራው በዚያን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ስምንት ቁጥር ብንጠራው ኖሮ የመጥራቱ ወጪ ከሥራው ይበልጥ ነበር፤ የቬክተር ላይብረሪ ረጅም ድርድር ይወዳል። የትክክለኛነት ደረጃው ከፍተኛው ነው። የስህተት ሁኔታውን ከጥሪው ቀጥሎ እናነባለን፤ ከንጹሕ ሌላ ማንኛውም ነገር ከተመለሰ ወረቀቱ አይታተምም። ሁለት ፈተናዎችም ጨመርን። አንዱ ጥቂት ቤቶችን ወስዶ ከራሳቸው ያላቸው ርቀት ዜሮ መሆኑን ያያል። ሌላው የጥቂት መቶ ጥንዶችን ርቀት በቀድሞው የፓይተን ፕሮግራም አስልቶ ያወዳድራል። ያ ፕሮግራም ቀርፋፋ ቢሆንም አልጣልነውም፤ ዳኛችን ሆኗል።

አዲሱን ወረቀት ለጋሼ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ፒያሳ ባለው ቢሯቸው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ሞተረኛ ስም ሥር፣ 9 ሜትር የሚል ቁጥር ይዘው ተቀምጠዋል። «ይህ ልክ ነው» አሉ። ከዚያ እርሳሳቸውን አንሥተው ሌላ ጥንድ አከበቡ። አንደኛው ቤት ከሰባ ደረጃ በላይ፣ ሌላው ከደረጃው በታች ነው። «ሞተር ደረጃ አይወርድም፤ ዞሮ ነው የሚመጣው» አሉኝ። በቀጥታ መስመር ልክ የነበረው ርቀት ለሞተረኛው ልክ አልነበረም። እስካሁን እንዲህ ያሉትን በእጃቸው ያርሙልናል፤ ያረሙትን እየሰበሰብሁ በደረጃና በወንዝ የተለያዩ ጥንዶችን መዝገብ እያዘጋጀሁ ነው።